የቅርጫው ስምንተኛ ሰው

አንድ ሰው ነበረ። መንገድ መገናኛ ላይ ተቀምጦ ለጠየቀው ሁሉ በዱላው ይጠቁማል። ገበያው በየት ነው? በዚህ። ወፍጮ ቤቱስ? በዚያ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም መራቂው ብዙ ነበር። ለጥያቄህ መልሱ እዚሁ ውስጥ ነውና ታገሠኝ።

በአንድ የበዓል ዋዜማ ሌቦች የሰው በሬ ነድተው ገደል ሥር ሸሸጉና ርካሽ ቅርጫ አለ ብለው አስወሩ። ቅርጫ እንደምታውቀው ሰው ካልሞላ አይታረድም፤ ለስምንት መደብ ስምንት ሰው ይፈልጋል። ሰውየው ለጠየቁት ሁሉ ወደ ገደሉ ጠቆመ፤ ሰባት ሰው ሄደ። እስከዚህ ድረስ በሬው የማን እንደሆነ አላወቀም፤ እኔም አልፈርድበትም።

ከዚያ አንድ ገበሬ እያለከለከ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ገደል ሥር ያለው በሬ የእኔ ነው። አይቼዋለሁ፣ በሕይወት አለ። ብቻዬን ግን አልችላቸውም። ሰው ጠርቼ እስክመለስ ወደዚያ ማንንም አይስደዱብኝ፤ የጎደላቸው አንድ ሰው ነው» አለው።

ሰውየው «እሺ» አለ።

ገበሬው እንደሄደ አንድ መንገደኛ በበቅሎ መጣና ቅርጫው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። ሰውየው ጥቂት አመነታ። ከዚያ ዱላውን አነሣ።

ገበሬው ጎረቤቶቹን አስከትሎ ሲደርስ ያገኘው ቆዳውንና ፈርሱን ነው። በአንድ በሬ አይታረስ ነገር፣ የዚያን ዓመት መሬቱ ጦም አደረ።

ሰውየው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «አልሰረቅሁ፣ አላረድሁ፣ ሥጋውንም አልቀመስሁ። መንገድ መጠቆም ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?» አለ።

አንዱ ሽማግሌ «ስለ ሰባቱ አንጠይቅህም። ስለ ስምንተኛው ንገረን» አሉት። ከሌቦቹ ጋር ሆኖ በሬውን እንዲተካ ፈረዱበት።

አንተሁነኝ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዘህ መጥተህ «ጋሼ፣ ቪዲዮውን እኔ አልሰረቅሁት፣ እኔ አልጫንሁት። ቻናሌ ላይ ሊንኩን ብቻ ነው የለጠፍሁት። በምን እጠየቃለሁ?» አልኸኝ። ሠላሳ ዓመት በጥብቅና ስኖር ይህን ያላለኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። መስማቱ ራሱ አድክሞኛል። ሰው ሳያውቅ በስሕተት ያጠፋል፣ አውቆ በድፍረትም ያጠፋል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የማን እንደሆነ ሳታውቅ ስለለጠፍህባቸው ቀናት ልከራከርልህ እችላለሁ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ግን ማክሰኞ ዕለት ጽፋልሃለች፤ መልእክቱን ያሳየኸኝ አንተው ነህ። «ከስልኬ የተሰረቀ ገመናዬ ነው፣ እባክህ አንሣልኝ» ትላለች። አንብበኸዋል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሊንኩም እዚያው አለ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ምን ላድርግህ?

የገበሬው በሬ እንኳ አንዴ ታርዶ አበቃለት። የእሷ ግን አንተ በላክኸው ሰው ቁጥር ይታረዳል፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን ስናወራም እየታረደ ነው።

በል ስልክህን አውጣና አጥፋው። መከላከያውን ከዚያ በኋላ እንጽፋለን።