የቢሻው የማታ ምት

ድሮ ነው ልጆች። ዛሬ ቅድመ አያት የምትሏቸው ገና ጡት በሚጠቡበት ዘመን ነው። ሽምብርማ የሚባል መንደር ነበረ። ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ ላዩ ብርድ፣ ሥሩ ቆላ። በዚያ መንደር ቢሻው የሚባል ሸማኔ ነበረ።

ሸማኔ በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። እሑድ እሱ የሠራውን ጋቢ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ሰኞ «ቁጢት በጣሽ» ብለው ይሰድቡታል። ለሙሽራዋ ቀሚስ ይፈልጉታል፤ በሙሽራዋ ድግስ ግን በር ላይ ያስቀምጡታል። ይህን ያደርጉ የነበሩት ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች አይደሉም። ደጋግ ጎረቤቶቹ ናቸው። ቢሻውም መልስ አይሰጥም ነበር። ከሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ በመምቻው ይመታል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። መልስ አይሰጥም፤ ጆሮውን ነው የሚሰጠው።

ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። ጥጥ ከሚበቅልበት ከቆላ ነው ያመጣት። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ትርንጎ አረገዘች። ቀኗ ደረሰና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አለቀሰች፤ ትርንጎ ዝም አለች። ዝም እንዳለች ቀረች።

ቢሻው ልጁን ማስረሻ አላት። የሚረሳ ነገር ግን አልነበረም።

የትርንጎ እናት እመት ዘርትሁን ከቆላ ወጥተው መጡ። አለቀሱ፣ ፊታቸውን ነጩ። ለቅሶው ሲያበቃ በሰው ፊት እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄን ቀበርኩ። የልጄን ልጅ ስጠኝ።»

የአገሩም ልማድ ይኸው ነበር። እናት የሞተችበት ሕፃን ወደ እናቱ ዘመዶች ይሄዳል። ቢሻው ግን ገደሉን አየ። የቆላውን ወባ አሰበ። በእመት ዘርትሁን ቤት የምታጠባ ሴት እንደሌለችም ያውቃል።

«እመት፣ ይህን ገደል ስትወርድ ትሞትብናለች» አለ።

«እዚህስ ምን ልታበላት ነው? ማግ?»

ሰው ሳቀ። በለቅሶ ቤት እንኳ ሳቀ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደምሌ ከዘራቸውን መሬት መቱና ፈረዱ። ልጅቷ ዓመቷን እስክትደፍን ከአባቷ ዘንድ ትቆይ። ያን ጊዜ እመት ዘርትሁን ይምጡ። ጠንክራ ካገኟት የአባቷ ናት። ተጎሳቁላ ካገኟት ይዘዋት ይውረዱ።

እመት ዘርትሁን በቅሏቸው ላይ ወጡ። «እሷን እቅፌ ውስጥ እስካስገባ ዓይኔ እንቅልፍ አያይም» አሉና ወረዱ።

የመጀመሪያው መከራ ወተት ነበረ። ቢሻው ልጁን ታቅፎ ከደጅ ደጅ ሄደ። አንዷ አጥቢ «ወተቴ ለልጄም አይበቃ» አለች። ሌላዋ «ባሌ ይቆጣል» አለች። ሌላዋ ምክንያት እንኳ አልፈለገችም፤ በሯን ዘጋች። የሸማኔ ልጅ ጡቷን እንዳያረክስባት ነው። የለበሰችው ቀሚስ ግን የሸማኔው ነው።

የውብዳር የምትባል ሴት ከአጥሯ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ይዛ ታቃስታለች።

«አንተ ቢሻው፣ ምን ትዞራለህ?»

«ልጄ ርቧት ነው፣ እትዬ የውብዳር።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? አምጣታ! ይሄ የእኔው እንደ አባቱ ነው፤ ሁለቴ ስቦ ያንኮራፋል። ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ሊገድለኝ ነው!»

ማስረሻ ጠባች። የየውብዳር ባል ከጓሮ ሆኖ ጮኸ። «ማናት እሷ? የማን ልጅ ናት?»

«የራባት ልጅ ናት! አንተ ጎመንህን ኮትኩት!»

እንዲህ ወተት ተገኘ። ቢሻው ግን አዲስ አባት ነውና ተሳሳተ። ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር ይዟት ይሮጣል። ታለቅሳለች፣ ይሮጣል። ታለቅሳለች፣ ይሮጣል። ልጅቷ ጥቂት ትጠባና ታስመልሳለች፤ አስመልሳም ታለቅሳለች። የውብዳር በመጨረሻ ምርር አላት።

«ወንድሜ፣ ልቅሶ ሁሉ ረሃብ ነው ያለህ ማነው? አንተ በተከፋህ ቁጥር ትበላለህ?»

ቢሻው መልስ አልሰጠም፤ ጆሮውን ሰጠ። ልጅቷን ከሸማ ጉድጓዱ አጠገብ አስተኝቶ አዳመጣት። ሸማኔ ነውና ክር ሊበጠስ ሲል ድምፁ እንደሚሳሳ ያውቃል። ሲላላ እንደሚወፍር ያውቃል። ሲቋጠር እንደሚንቋቋ ያውቃል። የልጁንም ልቅሶ እንደዚያ ሰማው። ሲርባት ከልቅሶው በፊት አፏን ታላውሳለች፣ ጡጫዋን ትመጠምጣለች። እንቅልፍ ሲመጣባት ልቅሶዋ ይቀጥናል፣ ዓይኗን ታሻለች። ሲረጥብባት ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው። ሌላም አለ፤ ምንም ሳትሆን እቀፉኝ ብቻ የምትልበት።

ከዚያ ወዲህ ጡጫዋን ስትመጠምጥ ይነሣል እንጂ እሪ እስክትል አይጠብቅም። የጠገበች ልጅም የራሷን ሰዓት አበጀች። ከብት ሲወጣ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ጥላ ሲረዝም፣ ከብት ሲገባ። የውብዳር ቢሻው ሌሊት ሲመጣ ቶሎ እንድትከፍት በሯን መቀርቀር ትታ በገመድ ብቻ ታስር ጀመር። በራቸውን የዘጉት ሴቶችም ልጆቻቸው ተኝተው ጡታቸው ሲያብጥባቸው «ቢሻው ዛሬ የት ጠፋ?» ይሉ ጀመር። ሰው እንዲህ ነው። ሲያመው ዘር መቁጠር ይረሳል።

ሁለተኛው መከራ እንቅልፍ ነበረ። ቢሻው ልጁን ከሸማ ጉድጓዱ አጠገብ በቁራጭ ሸማ አንጠልጥሎ ያስተኛታል። ቀን ሲመታ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ልጅቷ ለሽ ትላለች። ምሽት ሲሆን ሥራውን ያቆማል። ዝም ሲል ልጅቷ ትነቃለች። ነቅታም እስኪነጋ ትጮኻለች። ምን ያድርግ? በጨለማ ተመልሶ ይመታል። ቀን የሚሠራ፣ ሌሊት የሚሠራ ሆነ። ዓይኑ ቀላ። ማጉ ከድሩ ተጣላ፤ የሸመነው ሁሉ ተንሻፈፈ። የመንደሩ ሰውም «ቢሻው ቤት ሌሊት የሚሸምነው ሰይጣን ነው» አለ። ቀን እሱን ሲንቁ ኖሩ፤ ሌሊት ፈሩት።

ቢሻው ነገሩን አገላብጦ አሰበው። ቀኗን ሌሊት፣ ሌሊቷን ቀን ያደረገባት እሱ ራሱ ነው። ልጅቷ የተጣላችው ከጨለማ አይደለም፤ ምቱ በድንገት ሲቆም ነው የምትደነግጠው።

ስለዚህ ቀን ቀን ከብርሃን እንድትውል ከቤት ይዟት ወጣ። እጁ ሥራ አለበት፤ ስለዚህ የትርንጎን እናት አንቀልባ፣ ትርንጎ ራሷ የታዘለችበትንና ከቆላ ይዛው የመጣችውን ያረጀ ቆዳ፣ ከግድግዳ አወረደና ልጁን በጀርባው አዘላት።

በሽምብርማ አንቀልባ ያሰረ ወንድ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሜዳ ላይ ድሩን እየዘረጋ ሲመላለስ ከጀርባው ሆና ሰማይ ታያለች። ገበያ ሲወጣ ገበያው ሥራውን ፈታ።

«ቢሻው! ጡትስ መቼ ታበቅላለህ?» አለ አንዱ የጨው ነጋዴ።

ቢሻው ለአንዴ መልስ ሰጠ። «ጡቱን አላገኘሁም፤ ጀርባው ግን አለኝ።»

ሳቁ ወደ ጨው ነጋዴው ዞረ፤ ቢሻው ጋቢውን ሸጦ ገባ።

ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሥርዓት አበጀ። ከብት ሲገባ ከየውብዳር ዘንድ ትጠባለች። ለብ ባለ ውሃ ያጥባታል። እሳቱን በአመድ ያለብሳል። ከዚያ ከሸማ ጉድጓዱ ይገባና ይመታል፤ ባዶውን፣ ያለ ማግ። መጀመሪያ እንደ ቀኑ ይመታል። ከዚያ ላላ ያደርገዋል። ከዚያ ያዘገየዋል። ከዚያ እጁ ይቀርና ዝም ይላል፤ ልጅቷም ሳይታወቃት ከምቱ ጋር ትሄዳለች። አንዳንድ ማታ ተሳካ፣ አንዳንድ ማታ አልተሳካም። ጥርስ ያበቀለች ሰሞን ጨርሶ ፈረሰ፤ እንደ ገና ጀመረው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ማስረሻ በምሽት ትተኛ፣ በንጋት ትነሣ ነበር።

ያን ምት ጎረቤትም ይሰማው ነበር። የየውብዳር ልጅ በእሱ መተኛት ለመደ። በዚያኛው አጥር ያለው ሕፃንም ለመደ። ቢሻው ማታ ዘግይቶ እንደሆነ ሴቶቹ ደጅ ወጥተው «ምነው ዛሬ ሸማኔው አልመታም?» ይባባላሉ። ሰይጣኑ ተረሳ።

ሦስተኛው መከራ ምግብ ነበረ። ማስረሻ ድጋፍ ይዛ መቀመጥ በጀመረች ጊዜ የውብዳር ዳግም አረገዘች፤ ወተቷም ሸሸ። የፍየል ወተት ተፈላ፤ ብቻውን አልበቃ አለ። ቢሻው የገብስ ገንፎ አላልቶ አቀረበላት። አፏን ገጠመች። ደግሞ አቀረበ። ደግሞ ገጠመች።

ሴቶቹ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነበራቸው። «አፍንጫዋን ይዘህ ጋታት» አሉት። የአገሩ ሕፃን ሁሉ እንዲያ እየተጋተ ነው ያደገው። ያላደገውን ግን ማን ጠየቀው? ቢሻው አንድ ቀን ሰማቸውና ጋታት። ልጅቷ ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ። በሆዷ ደፍቶ ጀርባዋን ሲመታ ትንፋሿ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንፎውን ገና ከሩቅ ስታይ ታለቅስ ጀመር። ጉንጯ ሟሸሸ። እመት ዘርትሁን የሚመጡበት ጊዜም እየቀረበ ነው።

ቢሻው እጁን አየ። በዚያ እጅ የተቋጠረ ክር ሲፈታ በጉልበት ጎትቶ አያውቅም። ይጠብቃል፣ ያላላል፣ ጫፉን ይፈልጋል። ለልጁ ምን አስቸኮለው?

በማግስቱ የራሱን ቁርስ ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አላጎረሳትም። ራሱ በላ፤ ጣቱን ላሰ፤ «እሰይ» አለ። አለቀሰች፤ አልነካትም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቁርበት ላይ፣ ከዚያው ገበታ በላ። በማግስቱም። የውብዳር መጥታ አየችው።

«አንተ ጨካኝ፣ ልጅቷ ርቧት ብቻህን ትጠረቃለህ?»

«ልጋብዛት ነው፣ እትዬ።»

«ሕፃን እንደ እንግዳ ይጋበዛል?»

«እንግዳ አይደለች? ገና መምጣቷ ነው።»

አንድ ጠዋት ማስረሻ እጇን ዘረጋች። ገንፎው ውስጥ ከነአንጓዋ ከተተችው። ግማሹን ፀጉሯ ላይ ቀባችው፤ ግማሹን አፏ ውስጥ። ቢሻው አልሳቀም፣ አልጮኸም፣ እንዳትደነግጥ ትንፋሹን ዋጠ። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ትርንጎ ስትሞት ያላለቀሰውን ያን ጊዜ አለቀሰው።

ማስረሻ ዓመቷን ደፈነች። እመት ዘርትሁን ከገደሉ ወጡ። ከበቅሏቸው ኮርቻ ላይ አዲስ አንቀልባ ታስሯል፤ በዛጎል ያጌጠ፣ ልጅቷን ይዘው ሊወርዱበት ያሠሩት። ዓይናቸው ጎድጉዷል። ዓመት ሙሉ በቅጡ አለመተኛታቸውን ማንም ሳይነግረው ቢሻው አወቀ።

ማስረሻ የሸማ ዕቃውን ቋሚ ይዛ ቆማለች። አያቷ አገላበጧት። ጭኗን ጨመቁ። ድዷን አዩ። ነቀፋ ፈለጉ፤ አላገኙም። ያም አላስደሰታቸውም። ኀዘን ፍርድ አያውቅም።

«ነገ አያ ደምሌ ባሉበት ይዣት እወርዳለሁ» አሉ። «ወፍራም ብትሆን ምን አገባኝ? የልጄ ዓይን ነው ያላት።»

ከብት ገባ። ማስረሻ ከአባቷ ገበታ በገዛ እጇ በላች። አንድ ጉርሻም ለአያቷ ዘረጋች፤ የተላሰ፣ የተጨመቀ ጉርሻ። እመት ዘርትሁን እምቢ ሊሉ ነበር፤ በሉት። ልጅቷ ታጠበች። እሳቱ በአመድ ተሸፈነ። ቢሻው ከሸማ ጉድጓዱ ገባ።

ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ጧ፣ ጧ። ጧ።

ሲያቆም ቀና ብሎ አየ። ልጅቷ ተኝታለች። እመት ዘርትሁንም ግድግዳውን እንደተደገፉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ አፋቸው እንደ ሕፃን ተከፍቶ ተኝተዋል።

ጠዋት አያ ደምሌ ለፍርድ መጡ። ቢሻው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ አያ። እመት ተኝተዋል።»

ሽማግሌው ከሸማኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያያቸው ሰው ሁሉ ቆመ። ፀሐዩ ከፍ ሲል እመት ዘርትሁን ወጡ። የፊታቸው ቆዳ ሳይቀር ተፍታቷል።

«እንግዲህ፣ ልጅቷን ሊወስዷት ነው?» አሉ አያ ደምሌ።

እመት ዘርትሁን ወደ በቅሏቸው ሄዱ። አዲሱን አንቀልባ ፈቱ። ልጅቷን ብድግ አደረጉ። ሰው ሁሉ እሳቸው የሚያዝሏት መሰለው። እሳቸው ግን ወደ ቢሻው መጡ።

«ዙር» አሉት። «የእኔው አሮጌ አልቋል፤ ልጄን ይጥልብኛል።»

ቢሻው ዞረ። ልጅቷን በጀርባው ላይ አስተካከሉና በገዛ እጃቸው፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ጠፍሩን ደረቱ ላይ አሰሩለት። የሳቀ አልነበረም።

የሽምብርማ ሰዎች በአንድ ጀምበር አልተለወጡም፤ ተለወጡ ቢሏችሁ እንዳታምኑ። ቢሻውን እስኪሞት «ቁጢት በጣሽ» ይሉት ነበር። መቃብሩን ዛሬ የሚያሳይ የለም። ግን እዚያ ልጅ ሲወለድ የእናት እናት አንቀልባ ይዛ ትመጣለች፤ መጀመሪያም የምታስረው በአባትየው ጀርባ ላይ ነው። ጌታም ቢሆን፣ ባለ ወግም ቢሆን፣ ይዞራል፤ ይታሰርለታል።

ማታ ደግሞ ሕፃን ባለበት ቤት አባት የበሩን መቃን በመዳፉ ይመታል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ላላ፣ ከዚያ ዘግየት እያለ፣ እጁ እስኪቀር። በውጭ የሚያልፍ መንገደኛ ድምፁን ይቀንሳል። እንግዳ ሆኖ «ማነው የሚያንኳኳው?» ያለ እንደሆነ፣ የአያቶቻቸውን ስም የረሱ ሰዎች ሳይቀሩ በሹክሹክታ ይመልሱለታል።

«ዝም በል፤ ቢሻው ነው።»