አስተዋዩ ማን ነው? ባል ወይስ ሚስት?

አንድ ጊዜ ዳለቻ የምትባል አህያ ከባሏ ከቡላና ከአንዲት ልጃቸው ጋር በአንድ ሰፊ መስክ ትኖር ነበር። ቡላ ዓይኑ ሩቅ ነው፤ ከተራራው ጫፍ የተነሣ አቧራ አያመልጠውም። ዳለቻ ደግሞ ጆሮዋም ልቧም ቅርብ ነው። ውርንጭላዋ ስታስነጥስ ይቅርና ለማስነጠስ ስታስብ ታውቃለች።

ይህ ነገር ያስመረረው አያ ጅቦን ነበር።

«ከሩቅ ብመጣ እሱ ያየኛል፤ ተደብቄ ብቀርብ እሷ ትሰማኛለች። ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ እኮ!» ብሎ ለቀበሮ አለቀሰ።

«ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን ባዞርልህ ምን ትሰጠኛለህ?»

«የውርንጭላዋን ጭራ።»

«አይ ስስት!» አለ ቀበሮ። ቢሆንም ሄደ።

«እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶቼ! አገሩ ሁሉ ይከራከራል። ከወንድና ከሴት አስተዋዩ ማን ነው?»

«ይሄም ይጠየቃል? ወንድ ነዋ!» አለ ቡላ ደረቱን ነፍቶ።

«ምኑን አስተዋልከው! ትናንት የገዛ ልጅህን ጭራ ረግጠህ አላለፍክም?» አለች ዳለቻ።

«በሉ እንግዲያው፣ እዚያ ተራራ ላይ ያሉትን ዝንጀሮዎች ቁጠሩ። ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል» አለ ቀበሮ።

ዳለቻን እልህ ያዛት። ልጇን ከኋላዋ ትታ ተራራው ላይ አፈጠጠች። አያ ጅቦም በሣሩ ውስጥ በሆዱ እየተሳበ መጣ። ውርንጭላዋ አጠገብ ሲደርስ ግን መታገሥ አቃተውና ምራቁን ዋጠ።

ቡላ አልሰማም፤ አሥራ አራተኛው ዝንጀሮ ላይ ነበር። ዳለቻ ግን ክው አለች። ዘወር ስትል የጅቡ ጥርስ ከልጇ አንገት ለመድረስ አንድ ክንድ ቀርቶታል።

«ልጄን!» ብላ በሁለት የኋላ እግሮቿ አፍንጫውን አላጋችው። ከዚያም ልጇን አስቀድማ ወደ ተራራው ልትሮጥ ስትል ቡላ ጮኸ።

«በዚያ አይደለም! ሁለት የጅቡ ወንድሞች እየወረዱ ነው። በወንዙ በኩል!»

ሦስቱም ወንዙን ተሻግረው ተረፉ።

በማግስቱ ቀበሮ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ መጣ።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ቡላ ሊመልስ አፉን ከፈተና ሚስቱን አይቶ ዓይኑን ወደ ማዶ ወረወረ።

«ልጃችን» አለች ዳለቻ። «አሁን ዞር በልልን። እኔ ያንተን ጥርስ እያየሁ ነው፤ ባሌ ደግሞ ከዚያ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ የተጋደመውን ወዳጅህን።»

ከዚህ የምንማረው ባልና ሚስት የሚያስተውሉት ነገር ቢለያይ፣ ልዩነቱን ለመፎካከር ሳይሆን ለመጠባበቅ ካዋሉት ቤታቸውን የሚደፍር እንደማይኖር ነው።