ሰው ሲሞት ገበያ የሚሄደው ሸማኔ

አንድ ሰው ነበረ፤ እኛ ቤተ እስራኤል በጎንደር በነበርንበት መንደር። ሸማኔ ነው። መንደሩ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ገበያ ይሄዳል። እናቶቻችን «በቅሎውን ከጫነ አንድ ሰው አርፏል ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ልጄ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። የጎረቤትህን ሬሳ የሚያጥቡት ሰዎች «ና አግዘን» ሲሉህ፣ «ማጠቡ ጽድቅ ከሆነ ኦሪት አጣቢውን ለምን ረክሰሃል ትለዋለች?» ብለህ ወደ እኔ መጣህ። አሁን በምንኖርበት በዚህ አገር ስልክ ይደወላል፣ አጣቢዎቹ በመኪና ይመጣሉ። እዚያ ግን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደሩ ውጭ ጎጆ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ምግቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጠንለት እንመለሳለን። ልጁ ከሩቅ ይጠራዋል እንጂ አያቅፈውም።

ሸማኔው እንግዲህ ንጹሕ ሰው ነበር። ሰግድ፣ ተራራ ወጥተን የምንጸልይበት በዓላችን፣ አምልጦት አያውቅም። በዓሉ ሲደርስ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል፣ ከቄሶቹ ኋላ ተራራውን ይወጣል።

ሬሳ የሚያጥበው አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማንም አልሾመውም፤ ሌላው ሲያፈገፍግ እሱ ቆሞ ቀረ።

አንድ ዓመት በሰግድ ዋዜማ ቀጥቃጩ ራሱ ሞተ። ጎልማሶቹ ወደ ተራራው ቀድመው ሄደዋል። ቄስ ሬሳ አይነካም። መቃብሩን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቆፈሩልን፤ ማጠቡ ግን የወገን ሥራ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች «እኛን ተራራው ከተወን ቆይቷል፣ እናጥበዋለን» አሉ። ቀጥቃጩ ግን ግንድ የሚያህል ሰው ነበርና ሊያነሡት አልቻሉም። ፀሐይ ደግሞ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት።

ሸማኔው በቅሎውን ጭኖ በቀጥቃጩ ደጅ ሲያልፍ የሟች ሚስት አየችው።

«ዛሬ ደግሞ የየት ገበያ ነው?» አለችው።

«ነገ እኮ ሰግድ ነው እህቴ። ታጥቤአለሁ።»

«ልጅህ የሞተ ጊዜም ዋዜማ ነበር። ከደጅ ቆመህ አለቀስክ፣ በማግሥቱ ተራራ ወጣህ። ልጅህን አጥቦ ጎጆ የተቀመጠው የኔ ሰው ነው። እሱ አንድ ቀን አልወቀሰህም። እኔ ግን እወቅስሃለሁ።»

 ሸማኔው ለበዓሉ የሸመነውን አዲሱን ኩታ ከትከሻው አወረደ። «ለመገነዣ ይሁን» ብሎ ሰጣትና ገባ።

ያጥብ ጀመር። የሟቹን ጣቶች ደጋግሞ ሲፈትግ አንደኛው ሽማግሌ፣ «ምን ሆነሃል?» አለው።

«ጥላሸቱ አልለቅ አለ።»

«ዕድሜውን ሙሉ ያልለቀቀ ለአንተ ሊለቅ ነው? ተወው፤ ፈጣሪም የሚያውቀው ከነጥላሸቱ ነው።»

በማግሥቱ ሸማኔው ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ተራራውን አየ። ያ ተራራ! ጠዋት ጉሙ ወገቡ ላይ ይቀርና ነጭ ለባሹ ሕዝብ ከውስጡ ብቅ ሲል የተባዘተ ጥጥ ይመስል ነበር። ሸማኔው ከመሐል ሆኖ ሲወጣ ስለኖረ ይህን አይቶት አያውቅም። ነፋሱ ጸሎቱን አንዴ ያመጣለታል፣ አንዴ ይወስድበታል። ጎጆው ዛሬ ፈርሷል፤ መንደሩም የለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሰግድ በመጣ ቁጥር የማስበው ላይ የነበሩትን ሳይሆን ታች የቀረውን ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ኦሪት ረክሰሃል ያለችው ልትነቅፈው አይደለም። ማጠብ ምንም የማያሳጣ ቢሆን ኖሮ፣ ሸማኔያችንም ከሁሉ ቀድሞ በተገኘ፣ ሬሳውም በአጣቢ ብዛት መተንፈሻ ባጣ ነበር። ንጽሕና እንደዚያ ኩታ ነው፤ ለራስህ ትሸምነዋለህ፣ ቀኑ ሲደርስ ሌላውን ታለብስበታለህ። የሸመንከው አንተ ነህና ስታወልቀው ይበርድሃል።

ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዎቹ የሚጠብቁት ግን እጅህን ነው። ተነሥ፣ ሂድ።