ማንያዘዋል ፀሐይ እንዲሞቅ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ። መሀል ላይ ማዛጋት ክልክል ነው፤ ያዛጋ እንደ አዲስ ያስጀምረኛል።

ብርድ በማይለቃት አንዲት ከተማ ውስጥ ማንያዘዋል የሚባል ቀለም ቀቢ ነበር። አንድ ቀን ከመሰላል ላይ ወደቀና ጭንቅላቱን ተመታ። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ አንጎሉ ግን ተጎድቶ ነበር። ያ ሲያፏጭ የሚውል ሰው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው፣ ቀኝ ጎኑም አልታዘዝ አለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ቀረ። ሚስቱ ዘርፌ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፤ የነበራትን ጥሪት ለሕክምናው ጨርሳለች። ታዲያ የሆስፒታሉ ነርስ "እንዲህ እንደተኛ ከቆየ ጀርባው ይቆስላል፣ እግሩም ደርቆ ይቀራል። ቁጭ ይበል፤ ፀሐይ ይሙቅ፤ እጅና እግሩን እንድናሠራው እየገፋሽ አምጪልን" አለቻት። ዘርፌ ቪላ አልተመኘችም፣ መኪና አልተመኘችም። የፈለገችው ባሏን ደጅ አውጥታ ፀሐይ የምታሞቅበት አንድ ባለ ጎማ ወንበር ብቻ ነበር።

በያጁ ጋ ሄደች። "ወንድሜ፣ የሱቁ ወንበር ዋጋው አይቀመስም። እስቲ አንተ አንድ ባለ ጎማ ወንበር በይድልኝ" አለችው። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ብረት አላጣም፤ የእጄንም አልጠይቅሽም። ጎማ ግን ከየት አባቴ ላምጣ? ጎማ ካመጣሽ ዛሬውኑ እበይዳለሁ" አላት። አያችሁ? ጎማ ካልመጣ በያጅ አይበይድ፤ በያጅ ካልበየደ ወንበር የለ፤ ወንበር ከሌለ ማንያዘዋል ፀሐይ አይሞቅ።

ብስክሌት አከራዩ ጋ ሄደች። ሰውየው ደግ ነው፤ ሳትጨርስ ገባው። "ሁለት ያረጁ ብስክሌቶች አሉኝ፤ ጎማቸው ደህና ነው፤ ውሰጂያቸው። ግን ቦታ ጠቦኝ እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የከተትኳቸው፣ ከድንኳኑ ጀርባ። ቤቱን አስከፍቺ" አላት። ቤት ካልተከፈተ ጎማ አይመጣ፤ ጎማ ካልመጣ በያጅ አይበይድ፤ በያጅ ካልበየደ ወንበር የለ፤ ወንበር ከሌለ ማንያዘዋል ፀሐይ አይሞቅ።

እድር ታውቃላችሁ መቼም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ቤተሰቡን ያስተዛዝናል፣ ገንዘብም ይሰጣል። ሳትሞቱ በፊት ግን አይተዋወቃችሁም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ የሺመቤት ዘርፌን አቅፈው ሳሟት። ቁልፉ ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሏል። "ልጄ፣ አንጀቴ ይላወሳል። ግን ይህ ቤት የሚከፈተው ዳኛው ሲያዙ ነው። ያለ እሳቸው ከከፈትኩ ነገ ይህን ቁልፍ ይቀሙኛል" አሏት። ዳኛ ካላዘዘ ቤት አይከፈት፤ ቤት ካልተከፈተ ጎማ አይመጣ፤ ጎማ ካልመጣ በያጅ አይበይድ፤ በያጅ ካልበየደ ወንበር የለ፤ ወንበር ከሌለ ማንያዘዋል ፀሐይ አይሞቅ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ክፉ ሰው አይደሉም። "ጋሼ፣ ጎማውን ብቻ አይደለም፤ ለመድኃኒቱም ለሕክምናው መመላለሻም እድሩ ቢደግፈኝ ብዬ ነው" አለች። እሳቸውም "ደንባችን የሚለው ዕቃ ቤቱም ገንዘቡም ለሞተ ነው። ማንያዘዋል ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞተም። ደንብ የሚያሻሽለው አባሉ ነው፤ አባሉ ሳይሰበሰብ እኔ ምን ብዬ አዛለሁ?" አሏት። አባል ካልተሰበሰበ ዳኛ አያዝ፤ ዳኛ ካላዘዘ ቤት አይከፈት፤ ቤት ካልተከፈተ ጎማ አይመጣ፤ ጎማ ካልመጣ በያጅ አይበይድ፤ በያጅ ካልበየደ ወንበር የለ፤ ወንበር ከሌለ ማንያዘዋል ፀሐይ አይሞቅ። (ተጠንቀቁ፣ ያዛጋ አየሁ!)

ዘርፌ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኳች። የማይራራ የለም። "አይዞሽ፣ ማርያም ታስበው" ይላሉ። "ስብሰባ ውጡልኝ" ስትላቸው ግን አንዱ ወፍጮ ቤት ሊሄድ ነው፣ ሌላዋ ልጅ ታስተኛለች፤ ሁሉም "ጡሩምባ ይነፋ እንጂ እኛ መች እንቀራለን?" ይላሉ። ስለዚህ ጡሩምባ ነፊው አባባ ጓንጉል ጋ ሄደች። ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ በዚህ ጡሩምባ ስንቱን ቀብሬበታለሁ። ሰው ሳይሞት ብነፋ አገር ይደነግጣል፣ ነፍሰ ጡር ታስወርዳለች። ሰው ካልሞተ አልነፋም" አሏት።

ሰው ካልሞተ ጡሩምባ አይነፋ፤ ጡሩምባ ካልተነፋ አባል አይሰበሰብ፤ አባል ካልተሰበሰበ ዳኛ አያዝ፤ ዳኛ ካላዘዘ ቤት አይከፈት፤ ቤት ካልተከፈተ ጎማ አይመጣ፤ ጎማ ካልመጣ በያጅ አይበይድ፤ በያጅ ካልበየደ ወንበር የለ፤ ወንበር ከሌለ ማንያዘዋል ፀሐይ አይሞቅ።

ዘርፌ ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ ሳቁ እንባ ሆነ። "እንግዲያ ጥፋቱ የባሌ ነው በሉኛ! አልሞት ብሎ አገር አስቸገረ! እሺ አባባ፣ ሄጄ ቶሎ በልልን እለዋለሁ!" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አባባ ጓንጉል ብቻቸውን ቀሩ። ያቺ ንግግር አላስቀምጥ አለቻቸው። ጥቂት ቆይተው ጡሩምባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ዘርፌ ቤት ሄዱ። በዚያ ሰፈር ያልገቡበት ቤት የለም፤ የገቡት ግን ሁልጊዜ ነፍስ ከወጣች በኋላ ነበር። ነፍስ ሳትወጣ ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ማንያዘዋል በሩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ አየ። ግራ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ። ትከሻው ከፍ አለ፤ ሰውነቱ በሙሉ ተንዘፈዘፈ። ለመነሳት እየታገለ ነበር። ከዚያ፣ ከወደቀ ወዲህ የሚስቱን ስም እንኳ ያልጠራው፣ ውኃ ሲጠማው ውኃ ማለት ያቃተው ሰው፣ ጥርት ባለ ድምፅ "ኖር!" አለ።

ዘርፌ የያዘችው ኩባያ ከእጇ ወደቀ። አባባ ጓንጉል "በእግዜር!" አሉ። "በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ፣ ኧረ አትነሳ!" ብለው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። አስቡት እስቲ። ስሙን ረስቷል፣ ሙያውን ረስቷል፣ ግማሽ አካሉ ከድቶታል፤ ታላቅ ሲመጣ መነሳትን ግን ያ የተሰበረ ጭንቅላት አልጣለውም። ሰው ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? እኔ ስናገረው እንኳ ሰውነቴን ይወረኛል።

ሽማግሌው እንደወጡ ደጁ ላይ ቆመው ነፉ። ወፍጮ ቤት ያለው ዱቄቱን ጥሎ፣ ልጅ የምታስተኛዋ ልጇን አዝላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጋሽ ወልደሰንበት "ማን ነው ያረፈው?" ብለው ጠየቁ። አባባ ጓንጉልም "ማንም አላረፈም! ማንያዘዋል አለ! እኔ የቁም ሙት ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ገብታችሁ እዩት፣ አለ!" ብለው ጮኹ።

የተቆጣ ሰው የለም። ተራ በተራ ገቡ። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ያ ትከሻ ይነሳል፤ የገባው ሁሉ "በእግዜር" እያለ ይወጣል። ግቢው ሰው ሞላው። በመጨረሻ አንዱ "ገንዘቡ እኮ የቀብር ነው፤ አሁን ከሰጠነው ኋላ ሲሞትስ?" አለ። እትዬ የሺመቤት "ያኔ እንቀብረዋለን! ዛሬ ግን ይኸው አለ!" ብለው ገሠጹት። አባሉ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ለሞተ የሚሰጠው ገንዘብ ለማንያዘዋል ይሰጥ፣ ወንዶቹ በተራ ሆስፒታል ያመላልሱት፣ ሴቶቹም ዘርፌ ትንሽ እንድትተኛ እየተፈራረቁ አጠገቡ ይዋሉ ተባለ።

ጡሩምባ ቢነፋ አባል ተሰበሰበ፤ አባል ቢሰበሰብ ዳኛ አዘዘ፤ ዳኛ ቢያዝ ቤት ተከፈተ፤ ቤት ቢከፈት ጎማ መጣ፤ ጎማ ቢመጣ በያጅ በየደ፤ በያጅ ቢበይድ ወንበር ሆነ፤ ወንበር ቢሆን፣ ማንያዘዋል ፀሐይ ሞቀ!

ደጁ ላይ አስቀመጡት። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግራ ጉንጩ ፈገግ አለ። ወደ ተሲያት የግድግዳው ጥላ እግሩ ላይ ሲደርስ ዘርፌ ልትገፋው ተነሳች፤ ጋሽ ወልደሰንበት ቀድመዋት ወደ ፀሐዩ ገፉት። ጥላው ደግሞ ተከተለ፤ እትዬ የሺመቤት ገፉት። ብስክሌት አከራዩ ገፋው፣ በያጁ ገፋው፣ ዘርፌ ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ገፉት። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ማንያዘዋልን ከጥላ ፊት ፊት ሲያስኬደው ዋለ። ዘርፌም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

የእኔ ተረት አለቀ፤ ጆሯችሁን መልሼያለሁ፣ የጎደለ ካለ ፈልጉት።