ፈገግታ የማያውቀው ኮምፒውተር

የኮምፒውተራቸው ሲስተም አፕዴት ከተደረገ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ አቶ ድንበሩ በኩራት የሚሆኑትን አጥተዋል። ደህንነቱ ተጠናክሮ፣ የይለፍ ቃል መጻፍ ቀርቶ፣ የባለቤቱን ፊት ካላየ አልከፈትም የሚል ሆኗል። ፊታቸውን ያስመዘገቡት ታዲያ ተላላኪዋን «ውሃው ዘገየ!» ብለው እያንባረቁባት ነበር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አለቆች የመጡ ዕለት አቶ ድንበሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። «ከእኔ በቀር ማንም አይከፍተውም፤ ተመልከቱ!» አሉና ለእንግዶቹ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ስክሪኑ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ፊትዎ አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

የባሰ ፈገግ ብለው ሞከሩ። «አልታወቀም።»

ከስክሪኑ ኋላ ውሃ ይዛ የቆመችው ተላላኪ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አዩአት።

«አንቺ ነሽ የነካካሽው! ለምን እንደማያውቀኝ አሁኑኑ ተናገሪ፤ አለዚያ ተባረሻል!»

ተላላኪዋም የመጣው ይምጣ አለች።

«ጌታዬ፣ እሱ ምን ያድርግ? እየሳቁ መጡበት! እኛም እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት አብረንዎት ሠርተን፣ ‹ይሄ የሚስቀው ሰውዬ ማነው?› እየተባባልን ነው።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ድንበሩ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቀና ሲሉባት ኮምፒውተሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ይኸው!» አለች ተላላኪዋ፣ «አሁን መጡ!»