ሦስቴ የታጠበው የሙሄ ብርቱካን

ወሎ ውስጥ ጥፋቱን ላይ ላዩን ሊያሳምር የሚሞክር ሰው ሲያጋጥም የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ከእትዬ ከድጃ አፍ ነው፤ ያውም ተናደው።

የእትዬ ከድጃ ምራት ለይላ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለት ጊዜ አስወርዷት ይህ ሦስተኛዋ ስለሆነ አማቷ ከዓይናቸው አይለዩዋትም። አንድ ቀን ብርቱካን አማራት። ገበያው ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ የጎረቤታቸው የሙሄ ዛፍ ግን ፍሬ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ነፍሰ ጡርን ያማራትን መከልከል ደግሞ በዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው። እትዬ ከድጃ ሻሻቸውን ጠምጥመው ሄዱ።

ሙሄ ምን ገዶኝ ብሎ አምስት ፍሬ ቀጠፈላቸው። ከዚያ ቁጭ ብሎ በሳሙና ያሽ ጀመር። አጠበ፣ አለቀለቀ፣ እንደገና አጠበ። ለሦስተኛ ጊዜ ማጠብ ሲጀምር እትዬ ከድጃን ነገሩ ከነከናቸው። ተልጦ ለሚበላ ብርቱካን ይህ ሁሉ ሳሙና ለምንድን ነው ብለው ጠየቁት።

እሱም ሳይጨነቅ ነገራቸው። ዛፉን ነጭ ተባይ ወርሮት ስለነበር በቅርቡ መድኃኒት ገዝቶ ሥሩ ላይ አፍስሶለታል፤ ፍሬው ላይ ግን ጠብ አላደረገምና አይስጉ።

"ሥሩ ላይ ካፈሰስከው፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ተባይ በምን ሞተ?" አሉት።

"ዛፉ ጠጥቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። መድኃኒቱ እንደዚያ ነው የሚሠራው።"

"እስከ ቅጠሉ የወጣው፣ ፍሬው ጋ ሲደርስ ይሉኝታ ያዘው?"

ሙሄን የመድኃኒቱ ሻጭ ምን እንዳለው ሲያፋጥጡት፣ የዘንድሮውን ፍሬ ሰው እንዳይቀምሰው ብሎት እንደነበር አመነ። የገዛ ልጆቹንም ከዛፉ ሥር ሲያባርር ነው የከረመው። ታዲያ ለእርጉዝ ሴት እንዴት ትሰጣለህ ቢሉት፣ አምሯት እያለ እንዴት የለም እላለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል አለ። እንዲህ ያለ ደግነት ይቅር!

የእትዬ ከድጃ ደማቸው ፈላ። "ነውር ፈርተህ ልጄን ከነጽንሷ ልትቀብርልኝ ነው? እውነቱን ብትነግረኝ እኮ መርቄህ እሄድ ነበር።"

"ሦስቴ አጥቤዋለሁ እኮ፣ እትዬ" አለ ሙሄ፣ ብርቱካኑን እንደዘረጋ።

እሳቸውም አምስቱንም ከእጁ ነጥቀው ሽንት ቤት ከከተቱ በኋላ የግቢው በር ላይ ዞር አሉና፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "በሥር የገባ በሳሙና አይወጣ" አሉት።