ጦሳን የሚያሳየው መስኮት

ተረት ተረት። የኪራይ ቤት።

ደሴ ውስጥ ትርሲት የምትባል የድልድይ መሐንዲስ ነበረች። አሸዋ የጫነ መኪና በየትኛው ድልድይ ይለፍ፣ ከየትኛው ይመለስ ብላ የምትወስነው እሷ ነበረች። «አይለፍ» ካለች ሾፌሩ ቢሳደብም፣ ባለንብረቱ ለአለቃዋ ቢደውልም አያልፍም። ማታ የምትገባው ግን አጎቷ ቤት፣ ከአጎቷ ልጆች ጋር በምትጋራው መስኮት አልባ ክፍል ነው። ስለዚህ የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ መስኮት።

መስኮቱን ሆጤ ሰፈር አገኘችው። እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት በግቢያቸው ያለችውን አንድ ክፍል ያከራያሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት። መስኮቷ ሲከፈት ግን የጦሳ ተራራ ከነጉሙ ይገባል። ትርሲት ደጅ ላይ ያለውን አዲስ የሽንኩርት መደብ ዞራ ገባች፤ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ «እወስደዋለሁ» አለች።

«ባልሽስ መቼ ያየዋል?»

«ባል የለኝም እትዬ።»

«እንግዲያው ቤትም የለኝም። ላጤ ሴት አላከራይም፤ ሰው ይመላለሳል።»

«እኔ ጋ ማን ይመጣል ብለው ነው?»

«አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ጠልቼሽ አይደለም። ባል ይዘሽ ነይ፤ ትንሽ ቀን አቆይልሻለሁ።»

ባል ሳይኖር እትዬ አያከራዩም፤ ቤት ካልተከራየ መስኮት የለም።

ትርሲት ባል ስትፈልግ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። አንዱ ስለ ራሱ ሲያወራ ማኪያቶዋ ቀዝቅዟል። ሌላው መሐንዲስ መሆኗን ሲሰማ የቤቱን ጣራ እንድታይለት ለምኗታል፤ አይታለታለች፣ ያፈሳል። ልዑልሰገድ ግን ይሻላል። ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል፣ ጨዋ ነው፣ ሲያወሩለት ይሰማል።

«እንጋባ» አለችው።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔና አንቺ?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው አለ?»

«ደስ ይለኛል። እማዬን ልጠይቃት።»

«ሸሚዝ ስትገዛም እማዬን ነው የምትጠይቀው።»

«ታዲያ ሸሚዙ አላማረብኝም?»

እናት እሺ ሳትል ልጅ አያገባም፤ ባል ሳይኖር እትዬ አያከራዩም፤ ቤት ካልተከራየ መስኮት የለም።

ትርሲት ወደ እናትየው ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ሄደች። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«መሐንዲስ ነሽ አሉ። ወጥ ትሠሪያለሽ?»

«እሠራለሁ። እስካሁን የፈረሰ የለም።»

«ነገረኛ ነሽ። እኔ ልጄ ከወደደ ምን ቸገረኝ። ግን የንስሐ አባታችን ሳይባርኩ በዚህ ቤት ድመት አትገባም።»

አባ ሳይባርኩ እናት እሺ አትልም፤ እናት እሺ ሳትል ልጅ አያገባም፤ ባል ሳይኖር እትዬ አያከራዩም፤ ቤት ካልተከራየ መስኮት የለም።

አባ ሞገስን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመችና ነገሯን ነገረቻቸው።

«ሽማግሌ ሳይላክ ምኑን እባርካለሁ? ሴት ልጅ ራሷ መጥታ ባርኩኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም።»

«አሁን ሰሙ፣ አባ።»

«ሰማሁ። አልባርክም።»

ሽማግሌ ሳይሄድ አባ አይባርኩም፤ አባ ሳይባርኩ እናት እሺ አትልም፤ እናት እሺ ሳትል ልጅ አያገባም፤ ባል ሳይኖር እትዬ አያከራዩም፤ ቤት ካልተከራየ መስኮት የለም።

የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ይመር ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ያለ እሳቸው የተዳረ የለም፤ ያለ እሳቸው የተፋታም የለም።

«ታላቅሽ ዘቢደር አግብታለች?» አሏት።

«አላገባችም።»

«እንግዲህ አስቢው። አጎትሽ ደጅ ቆመን ታናሺቱን ስጡን ስንል ‹ታላቂቱስ ምን ጎደላት?› ቢለን ምን እንመልሳለን? በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ደጅ አፍሬ ልመለስ?»

ታላቅ ሳትዳር ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ሳይሄድ አባ አይባርኩም፤ አባ ሳይባርኩ እናት እሺ አትልም፤ እናት እሺ ሳትል ልጅ አያገባም፤ ባል ሳይኖር እትዬ አያከራዩም፤ ቤት ካልተከራየ መስኮት የለም።

ትርሲት ኮምቦልቻ ወረደች። ታላቅ እህቷ ዘቢደር እዚያ ቬሎ ታከራያለች። የከተማው ሙሽራ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ትርሲት ስትደርስ በአፏ መርፌ ይዛ የአንዱን ቬሎ ጫፍ እያጠፈች ነበር።

«አግቢልኝ» አለቻት ትርሲት።

ዘቢደር መርፌውን ከአፏ አወጣች። «አላገባም።»

«ማን ከለከለሽ? ንገሪኝና እሱ ጋ ልሂድ።»

«ማንም። አልፈልግም።»

ትርሲት ጠበቀች። ዘቢደር ወደ ሌላ ሰው አልላከቻትም። እስከዚያ ድረስ በራሱ አፍ «አልፈልግም» ያለ ሰው አልነበረም።

«መንገድሽን የዘጋሁት እኔ ከሆንኩ ግን» አለች ዘቢደር፣ «ለጋሽ ይመር አሁኑኑ እደውላለሁ፤ እለፉኝ እላቸዋለሁ። ትወጂዋለሽ?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ትርሲት አሰበች። «መስኮቱ ጦሳን ያሳያል» አለች።

ዘቢደር እስክትታክት ሳቀች። ከዚያ ደወለች።

ታላቅ እለፉኝ አለች፤ ሽማግሌ ተነሣ፤ ሽማግሌ ሲነሣ አባ ባረኩ፤ አባ ሲባርኩ እናት እሺ አለች፤ እናት እሺ ስትል ልጅ ሱፉን ለበሰ፤ ልጅ ሱፉን ሲለብስ ሁሉም ቤቱን እንይ ብለው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አልጋነሽ ግቢ ገቡ።

ጋሽ ይመርና ጓደኞቻቸው የሽንኩርቱን መደብ አቋርጠው አለፉ። አባ ሞገስ ጠበል ሊረጩ ሲዞሩ ጃንጥላቸው የልብስ ማስጫውን ገመድ ጎትቶ ጣለው። ወይዘሮ የሺመቤት ክፍሏ መሐል ቆመው ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ቁም ሣጥኑ መስኮቱ ላይ ይቆማል» አሉ። «ብርድ ያስገባል።»

«ልዑል» አለች ትርሲት፣ «አንተስ? መስኮቱ ይዘጋ?»

ልዑልሰገድ እናቱን አየ። «እማዬ እንዳለችው ቢሆን…»

ትርሲት ስንጥቅ ያለበት ድልድይ ላይ ቆማ ሾፌር በምትመልስበት ድምፅ ተናገረች። «አላገባህም። ክፉ ሆነህ አይደለም። አልፈልግም።»

ከድንጋጤው ቀድመው የነቁት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። «ታዲያ አሁን ማን ያከራይሻል?»

ትርሲት ወደ አከራይዋ ዞረች። «እትዬ፣ ላጤ ሴት አላከራይም ያሉኝ ለምን ነበር?»

«ሰው ይመላለሳል ብዬ።»

«ባል ይዘሽ ነይ አሉኝ፤ ይዤ መጣሁ። እስቲ ግቢዎን ይዩት።»

እትዬ አልጋነሽ ወደ ውጭ ወጡ። ሽንኩርቱ ተጋድሟል፣ አንሶላቸው ጭቃ ላይ ነው፣ አንድ ሽማግሌ በርጩማቸው ላይ ተቀምጦ ምሳ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል።

«ያን ቀን ብቻዬን ስመጣ» አለች ትርሲት፣ «መደቡን ዞሬ ነው ያለፍኩት።»

እትዬ አልጋነሽ ከጥግ መጥረጊያ አነሡ።

«ውጡልኝ» አሉ።

ጋሽ ይመር ከመጥረጊያው ሸሽተው ወጡ፤ ሽማግሌ ሲወጣ አባ ተከተሉ፤ አባ ሲወጡ እናት ወጣች፤ እናት ስትወጣ ልጅ ወጣ፤ ልጅ ሲወጣ ግቢው ጸጥ አለ፤ ግቢው ጸጥ ሲል ቤቱ ተከራየ፤ ቤቱ ሲከራይ መስኮቱ ተከፈተ።

ዘቢደር መጋረጃ ይዛላት መጣች፤ ካረጀ ቬሎ የሰፋችው ነው። ሲነፋ ከጦሳ ጉም አይለይም።

ከራርሞ ልዑልሰገድ፣ እሱ ራሱ በመረጠው ትንሽ ሰፋ ባለው ሸሚዝ፣ ደጁ ላይ ቆመ።

«ማን ላከህ?» አሉት እትዬ አልጋነሽ።

«ማንም።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ሽንኩርቱን ዞረህ እለፍ። በሩን የምትከፍትም የማትከፍትም ግን ትርሲት ናት።»

መደቡን ዞሮ መጥቶ አንኳኳ። ትርሲት በመስኮቱ አይታዋለች። ይለፍ፣ አይለፍ፣ ገና አልወሰነችም። ጦሳን እያየች ሻይዋን ጠጣች፤ የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም።

ተረቴን መልሱ፤ ቁልፉን ግን አትመልሱ።